ድንኳኑ ከዝናቡ በፊት ወይስ በኋላ

አዳማ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለአቶ ጀቤሳ፣

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ከሥራና ከአዳማ አቧራ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሞቲ ሚኒባሱን መናኸሪያ አቁሞ እስከ ቢሮዬ በር ድረስ አመጣልኝና «ሽማግሌው ተቆጥተዋል» ብሎኝ ሄደ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ነገሩን በደንብ ሳላጣራ ልመልስልዎ ስላልፈለግሁ ነው።

ቀበሌው የለጠፈው ቀይ የተቀባ ወረቀት የጎርፍ ካርታ ነው። አዎ፣ ከእኛ ቢሮ የወጣ ነው፤ አዎ፣ የእኔም እጅ አለበት። ቀዩ ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል የተባለ ቦታ ነው። ጫፌ ቡርቃ ደግሞ አንድ ቤት ሳይቀር ቀዩ ውስጥ ወድቋል። ካርታው እንዲሁ እንዳለ ከጸደቀ ክረምቱ ሳይገባ መንደሩ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ሜዳ ይሄዳል። የሰሙት ወሬ ውሸት አይደለም።

ኮምፒውተሩ ቤትዎን አላየም፣ ጋሼ። የሚያየው ዝናቡን፣ የመሬቱን ተዳፋትና አፈሩን ነው። ሞዴል የምንለው ስሌት እነዚህን ተቀብሎ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ይነግረናል። የእኔ ሥራ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ስንዴ ሳይለቀም ወፍጮ ቤት እንደማይሄድ፣ መረጃም ሳይለቀም ሞዴል ውስጥ አይገባም። የምንለቅምበት ሶፍትዌር ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ኮዱም ለማንም የተከፈተ ነው፤ የማንም ድርጅት ንብረት አይደለም። ከየአገሩ ያለን ሰዎች በትርፍ ጊዜያችን እንሠራዋለን፤ እኔ የዝናቡን ክፍል ከያዙት አንዷ ነኝ። አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ሳያየው አይገባም።

መንደሩን ቀይ ያደረገው አንድ ቁጥር ነው። በአካባቢው ያለው የዝናብ መለኪያ እትዬ በድሪያ ግቢ የቆመው ብቻ ነው፤ እሳቸው በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት እየለኩ የሚልኩት። በነሐሴ 2013 አንድ ጠዋት ላይ መቶ አሥራ ስምንት ሚሊሜትር ይላል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የዚያን ግማሽ የሚያህል እንኳ የለም። ያን ጊዜ እኔ አርባ ምንጭ ትምህርት ላይ ነበርኩ። የሚያስታውሱት ነገር ካለ ይጻፉልኝ። ጆሮዎ ስልክ እምቢ እንዳለ አውቃለሁና በሞቲ ይላኩልኝ።

አክባሪዎ ልጅዎ፣
ገላኔ

ጫፌ ቡርቃ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ? እንዴት ነሽ፣ ልጄ?

እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ልቆጣ፣ አንዴ ልረዳው። ወንድሜ ጉቱ ሲሞት እጅሽን ይዤ አንደኛ ክፍል ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። ያን ቀን «ይህች ልጅ ተምራ ከቤትህ ታስወጣሃለች» ብሎ የነገረኝ ቢኖር ፍየል አስጠብቅሽ ነበር። እቀልዳለሁ። ግማሹን እቀልዳለሁ።

የጠየቅሽኝን አስታውሳለሁ፣ እንዴት አላስታውስም። ያ ቀን የሳሊህ ለቅሶ ነው፣ የበድሪያ ባል፤ ታሞ የሞተው። የእድሩን ድንኳን እነሱ ግቢ ተከልን። የእድሩ ዳኛ እኔ ስለሆንኩ ካስማውን የመታሁትም እኔ ነኝ። ግቢያቸው ጠባብ መሆኑን ታውቂያለሽ። የሸራው ጠርዝ ልክ የመለኪያው አፍ ላይ መጣ። ዝናቡ ሲወርድ የሸራው ውኃ ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ ዕቃ ውስጥ ተንቆረቆረ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው መለኪያ ይታየዋል? አንቺ ዝናብ ያልሽው የድንኳን ጠፈጠፍ ነው።

እንግዲህ ለዚያ መሣሪያሽ ንገሪው። እኔ ዕድሜ ልኬን ፓምፕ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ መሣሪያ የሰጡትን ነው የሚያወራው። ቆሻሻ ውኃ ከሳበ ቆሻሻ ይተፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ቆቃ ሲገደብ የአባቴ ቤት ውኃ ውስጥ ገባ። ልጅ ነበርኩ። ሰዎች መጥተው ተነሡ አሉን፣ ተነሣን፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ የሄደበትን አገር አገሬ አላለም። ሁለተኛ አልነሣም፣ ገላኔ። አክስትሽ ዘርፉ የተቀበረችው እዚህ ነው። ሽንኩርቴ፣ ጉድጓዴ፣ ጎረቤቴ እዚህ ነው። ይህን ደግሞ ሞዴልሽ አይለቅመውም።

ነጋቲ፣ ደኅና ሁኚ፣
አጎትሽ ጀቤሳ

አዳማ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጾሙ አልከበደዎትም? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን መድኃኒት በባዶ ሆድ አይውሰዱ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሰው ዞሮ አየኝ። መለኪያው ላይ ወፍ ጎጆ ሲሠራበት፣ ሸረሪት ሲደፍነው፣ ፍየል ሲያጋድለው ሶፍትዌሩ ስህተቱን ይይዝልናል። የእድር ድንኳን ግን ማንም አላሰበውም። እኔ እዚያው መንደር አድጌ እንዴት እንደሳትኩት አላውቅም።

በዚያው ቀን ቁጥሩን ከመረጃው ውስጥ አወጣሁት። ሶፍትዌሩ ውስጥም ከመለኪያው በላይ ሸራ ወይም ጣሪያ የነበረበት ቀን ምልክት ተደርጎበት እንዲዘለል የሚያደርግ ነገር ጻፍኩ። ምክንያቱን መጻፍ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ እድር ምን እንደሆነ፣ ለቀስተኛ ለምን ድንኳን ውስጥ እንደሚቀመጥ ለዓለም ሁሉ አስረዳሁ። ከኔፓል አንድ ሰው «እኛ ጋ ሠርግ ላይ እንዲህ ይሆናል» ብሎ መለሰልኝ። ሞዴሉን እንደገና ሳስኬደው ቀዩ ከጫፌ ቡርቃ ላይ ተነሣ። የቀረው ከታች ሸንበቆው ላይ ብቻ ነው።

ገና ግን አልጸደቀም። ሥራዬን የምታየው ሀኒያ የምትባል ጅማ ያለች ልጅ ናት። በአካል አላውቃትም። በጽሑፍ ግን ቀስ ብላ የምታይ፣ ያልገባትን የማታሳልፍ ሰው ናት። እሷ ይለፍ ካለችው አዲሱ ካርታ ወደ ወረዳው ይሄዳል። እስከዚያ ለሰው ባይነግሩ ደስ ይለኛል።

እትዬ በድሪያንም ይጠይቁልኝ፤ ያን ጠዋት ሲለኩ የሸራውን ውኃ አስተውለው ነበር?

ልጅዎ ገላኔ

ጫፌ ቡርቃ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገላኔ ልጄ፣ እንኳን አደረሰሽ። ፋሲካን ሳትመጪ በመቅረትሽ ቅር ብሎኛል፤ ሥራ ነው ካልሽ ግን ምን ይደረግ።

ለሰው አትንገር ያልሽውን ጠብቄአለሁ፤ የነገርኩት ለእድሩ ብቻ ነው። እድሩ ማለት መንደሩ ነው ብትይኝ እውነትሽን ነው። ሰዉ ግን ነፍስ ዘራ። ቤቱን ሊያፈርስ ቆርጦ የነበረው ኡበይደላ አሁን ለልጁ ሠርግ አንድ ክፍል እየጨመረ ነው። ሆራ ለወንድሟ ልትሰጣቸው የነበሩትን ፍየሎች አስቀርታለች። እኔም ሁለተኛውን መደብ ሽንኩርት ተከልኩ። አንቺን ያልመረቀ ሽማግሌ የለም፤ እኔን ደግሞ «የእሷ አጎት» እያሉ ይጠሩኝ ጀምረዋል።

በሞቲ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ትንሽ የቆቃ ዓሣ ልኬልሻለሁ። ዓሣውን ቶሎ ጥበሺው፤ ሞቲ በየመንገዱ እየቆመ ሻይ ስለሚጠጣ ፀሐይ መትቶት ሊሆን ይችላል።

በድሪያን አልጠየቅኋትም። ባሏ የሞተባትን ሴት የባልሽ ለቅሶ ድንኳን እንዴት ነበር ብዬ ምን ልሁን? አንቺም አትጠይቂያት። ቁስል መነካካት ጥሩ አይደለም።

አጎትሽ ጀቤሳ

አዳማ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንዴት አሉ? ዓሣው ደኅና ደርሷል፤ ከቢሮ ልጆች ጋር በላነው። ሽንኩርቱን ለአከራዬ አካፈልኳት፣ እሷም መርቃዎታለች። ስለ ፋሲካው ይቅርታ፤ ካሳዬን እከፍላለሁ።

ስለ ኡበይደላ ክፍል ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ገና ያልጸደቀ ነገር ነው ያልኩዎት።

ሀኒያ ሥራዬን አይታዋለች። ወዳዋለች፣ አንድ ጥያቄ ግን አላት። ድንኳኑ የተተከለው ከዝናቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን ካላወቅን ማሳለፍ አልችልም አለች። ሳስበው እውነቷን ነው። መለኪያው የተነበበው በጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ የሚቆጥረውም ሌሊቱን ያደረውን ውኃ ነው። ድንኳኑ ማታውን ተተክሎ ካደረ የእርስዎ ነገር ልክ ነው፤ ጠፈጠፍ ነው። በማግሥቱ ከተተከለ ግን ጠርዙ የትም ቢመጣ ሌሊት የዘነበውን አይነካውም።

ለእርስዎ ቀላል ጥያቄ ስለሆነ በአንድ መስመር ይመልሱልኝ። ወረዳው ካርታውን የሚፈልገው በግንቦት መጨረሻ ነው። ክረምቱም ያው እየመጣ ነው።

ልጅዎ ገላኔ

ጫፌ ቡርቃ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢንታላ ኮ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

እኛ ጋ ሁሉም ደኅና ነው። ጉልበቴ ለቀቅ አድርጎኛል። ጆሮዬን ባቱ ያለ ሐኪም አየልኝና ጠብታ ሰጠኝ፤ ጠብታው ምንም አላሰማኝም፣ ሐኪሙ ግን ጨዋ ልጅ ነው። የሆራ ፍየል መንታ ወለደች። ሞቲ ሊያገባ ነው ይላሉ፤ ልጅቷ የቢሾፍቱ ናት፤ አንቺ ሰምተሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ ለእኔ ማንም አይነግረኝም። የኡበይደላ ክፍል ግድግዳው ቆሞ ጭቃ ተመርጎ አልቋል፤ ቆርቆሮ ብቻ ቀርቶታል። ሽንኩርቱ ላይ ትል ገብቶ ነበር፣ መድኃኒት ረጨንበት። ከጎረቤቶቼ ሰላም ያላለሽ የለም።

ስለ ድንኳኑ ያልሽው፣ ድንኳን ያው ድንኳን ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ማን ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል? ያቺ የጅማዋ ልጅ ሥራ የላትም መሰለኝ።

አጎትሽ ጀቤሳ

አዳማ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

አልመለሱልኝም። እርስዎ ከዚህ በፊት የጠየቅኩዎትን ሳይመልሱ ቀርተው አያውቁም። ስለ ፍየሏ ነገሩኝ፣ ስለ ሞቲ እጮኛ ነገሩኝ፤ ካስማውን በገዛ እጅዎ የመቱት ድንኳን ግን ተረሳዎት።

ደብዳቤዎችዎን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። ድንኳን የሚተከለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ መጠየቅ የነበረብኝ ስለ ድንኳኑ አልነበረም። ጋሼ ሳሊህ መቼ ነው የሞቱት? በምንስ ሞቱ? ያኔ አርባ ምንጭ ፈተና ላይ ስለነበርኩ ለቅሶ አልደረስኩም። ታመው ነው ስላላችሁኝ ምን ታመው ብዬ አልጠየቅኩም። ስመጣም እትዬ በድሪያ እጄን ይዘው ዝም አሉ፤ እኔም ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት።

ይህን የምጠይቅዎት ቢሮው ልኮኝ አይደለም። ሞቲን እትዬ በድሪያ ጋ ልኬ ማስጠየቅ እችል ነበር፤ ከእርስዎ ጀርባ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም። ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ከእርስዎ አፍ ልስማው።

ገላኔ

ጫፌ ቡርቃ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገላኔ፣

ሳሊህ አልታመመም። ጎርፍ ነው የወሰደው።

ዝናቡ የጀመረው ማታ ከራት በኋላ ነው። እኩለ ሌሊት ሳይሆን ቡርቃው፣ ጅረታችን፣ ሞልቶ ከኮረብታው ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ሳሊህ የውኃ ሞተሩን ከዳር ሊያወጣ ወረደ። ያገኘነው ጠዋት ነው፣ ከታች ሸንበቆው ውስጥ። ውኃው እኔ ደጃፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ እንጂ ጥቂት ቢጨምር ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍልሽም ነበር። ድንኳኑን የተከልነው ከቀብር መልስ ነው። ያኔ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ነበረ። ጠፈጠፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

ያን ጠዋት እኛ ባሏን ስንፈልግ፣ በድሪያ ሦስት ሰዓት ሲሆን ተነሥታ መለኪያውን ለካች። ሴቶቹ አበደች አሉ። ይዘዋት ወደ ቤት አስገቧት። ቁጥሩን መላኳን እኛ አናውቅም ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ጎርፍ ገደለው ብለን ካወራን መጥተው ያነሡናል ተባለ። ታሞ ሞተ እንበል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም እሺ አለ። አንቺ ስለ ቁጥሩ ስትጠይቂኝ ደግሞ ድንኳኑ ትዝ አለኝ። ጠርዙ መለኪያው ላይ መምጣቱ እውነት ነው፤ ያን አልዋሸሁሽም።

አሁን አወቅሽ። ልለምንሽ ነው እንግዲህ፤ ለምኜሽ አላውቅም። እንዳለ ተይው። እንዲያ ያለ ዝናብ በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው እኔ ከሞትኩ በኋላ ይመጣ ይሆናል፣ ጭራሽም አይመጣ ይሆናል። አንቺ ከመንደሩ ወጥተሽ ቢሮ ብትገቢም የእድሩ ልጅ ነሽ። ለጅማዋ ልጅ «ድንኳኑ ማታውን ተተክሎ ነበር» ማለት አንድ መስመር ነው። አንድ መስመር በቂ ነው ያልሽኝ አንቺ ራስሽ ነሽ።

ጀቤሳ

አዳማ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ቁጥሩን መልሼዋለሁ። ጫፌ ቡርቃ እንደገና ቀይ ነው። ካርታው ትናንት ወደ ወረዳው ሄዷል።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን አልመለስኩትም። ሁለት ቀን ይዤው ዋልኩ። የለመኑኝን ለማድረግ ፈልጌ ነበር፤ ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ለሀኒያ የምጽፈውን መስመር ጽፌውም ነበር። «ላክ» የሚለው ላይ እጄን ሳደርግ ግን የታየኝ የኡበይደላ አዲስ ክፍል ነው። ያን ክፍል ያሠራው የእኔ ካርታ ነው። አዲስ ሙሽሮች ይተኙበታል፤ በሐምሌ፣ በነሐሴ። ጋሼ፣ ውኃው ደጃፍዎ ደርሶ ተመለሰ አሉኝ እኮ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልላከው?

እኔ የሠራሁትም የተከፈተ ነው። ቁጥሩን ማውጣቴም መመለሴም ከነስሜ፣ ከነምክንያቱ እዚያው ተጽፎ ይታያል። ስመልሰው የጻፍኩት «ድንኳኑ የተተከለው ከዝናቡ በኋላ ነው፤ ዝናቡ ሰው ገድሏል» ብዬ ነው። የእርስዎን ስም አልጻፍኩም። ሀኒያ አሳለፈችውና ለብቻዬ «አይዞሽ» ብላ ጻፈችልኝ።

መጀመሪያ ሳላጣራ ቸኩዬ ስላወጣሁት፣ ለሰዉም ተስፋ ስለሰጠሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለመለስኩት ግን ይቅርታ አልጠይቅም። እወድዎታለሁ። ቢቆጡም፣ ባይጽፉልኝም እወድዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ ከፈለጉ ለእድሩ ያንብቡላቸው፤ ካልፈለጉም የእርስዎ ነው።

ገላኔ

ጫፌ ቡርቃ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገላኔ፣

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ቀድጄ ልጥለው ነበር። አልቀደድኩትም። እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት፤ እወድዎታለሁ ያልሽውን ብቻ ዘለልኩት፣ እሱ የእኔ ነው።

ብዙ ተባለ። አንዳንዱ አንቺን ረገመ፣ አንዳንዱ እኔን። ኡበይደላ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ በድሪያ እጇን አነሣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እድር ላይ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ እንዲሰማኝ።

«ቁጥሩን የላክሁት አንድ ቀን ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ነው» አለች። «ባሌ በውኃ ሞቶ በበሽታ ሞተ ስትሉ ዝም አልኩ። ቁጥሩ ግን እዚያ አለ አልኩ። አራት ዓመት ጠበቅሁ። ከእናንተ አንድ ሰው አልጠየቀኝም።»

እኔ የእድሩ ዳኛ ነኝ፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም።

እንነሣለን። ላይኛው ሜዳ ላይ ቦታ ተከፋፈልን፤ በድሪያን ከሁሉ በፊት አስመረጥናት። ውኃ ገና አልገባም፣ ነፋሱም ክፉ ነው፣ ሽንኩርት እንደሚሆንበትም አላውቅም። ዘርፉን እዚህ ትቻት ልሄድ ነው። ማታ መቃብሯ ጋ ሄጄ ነገርኳት፣ አልቅሼም ተመለስኩ። ኡበይደላ በማግሥቱ መጥቶ አዲሱን ክፍል ከሁሉ ቀድሞ ማፍረስ ጀምሯል፤ ሠርጉ ላይኛው ሜዳ ላይ በድንኳን ይሆናል።

እኔ ግን ተቀይሜሻለሁ። ልክ ነሽ፣ ቢሆንም ተቀይሜሻለሁ፤ ሽማግሌ ነኝና ቶሎ አይለቀኝም። ደግሞ አትደልዪኝ፣ ስኳርና ሳሙና ይዘሽ እንዳትመጪ። ቅዳሜ በሞቲ መኪና ነይ፣ የሥራ ጫማ አድርጊ፣ ጓንትም ያዢ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል፤ ቆርቆሮ መንቀል ግን ከነቂም ይቻላል።

አጎትሽ ጀቤሳ